ከፔጆዋ የጎደለው

ደባቂዋ ስትመጣ ባለቤቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ደንቡ ነው። ሙክታርም ጋራዡ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ አፍንጫው የተላጠውን ሰማያዊ ቀለም ሊነካ እስኪደርስ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ነበር። ከኋላው የፔጆዋ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። አንድ ነገር ኳ አለ። ከዚያ ደባቂዋ ትርሲት አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አለ ሙክታር ለግድግዳው።

«ዞር አልክ እንዴ?»

«ኧረ ወላሂ አልዞርኩም!»

«ድምፅህ ቀረበኝ።»

«ግድግዳው ነው የሚመልሰው። አቦ ቶሎ ጨርሺ፣ ወገቤ ተቆረጠ።»

«አንዱ እንዳንተ ሲቸኩል በመስታወት እጄን አየ። ዛሬ በእግሩ ነው የሚሄደው።»

ትርሲት ድሮ የቤት መብራት ትዘረጋ ነበር። አሁን ድሬዳዋ ውስጥ በእጅ የሚነዳ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃት በደባቂነቷ ነው። የተሰረቀ መኪና ያለበትን የሚናገረውን ጠቋሚ መሥራት የማንም ሥራ ነው፤ የጥበቃ ማኅበሩ በካርቶን ይልከዋል፣ ጤፍ አያክልም። ጥበቡ መልክ መስጠቱ ላይ ነው። ለአንዱ መኪና የደረቀ ማስቲካ ታስመስለዋለች፣ ለሌላው የብሎን ራስ፣ ለሌላው የክብሪት ስባሪ። ሥራ ከመጀመሯ በፊት መኪናው ውስጥ ገብታ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፣ ታሸታለች፣ ወለሉን በመዳፏ ትዳስሳለች። ይሄ መኪና ራሱ የሚጥለው ነገር ምንድን ነው? እያለች ታስባለች። ሌባ ሲበረብር የሚያልፈው፣ የመኪናውን የራሱን ቆሻሻ ነውና።

ባለቤቱ የማያውቅበት ምክንያት አለው። ስርቆቱ በበረታባቸው ዓመታት ሌቦቹ መኪናውን አይፈትሹም ነበር፤ ባለቤቱን ይዘው ጠቋሚው የት እንዳለ እስኪያሳይ ጣቶቹን ይሰብሩ ነበር። የንብረት ዓይን ማኅበር ያኔ ነው ደንቡን ያወጣው። ባለቤት የሚባለው የማያውቅ ሰው ነው። ያወቀ ባለቤት ከሌባ ጋር የተስማማ ስለሚመስል፣ ባወቀበት ቅጽበት ባለቤትነቱ ይቀራል። ጥበቃ የሌለው አሮጌ መኪና ደግሞ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ሰዎች መኪናቸውን ሲያጥቡ እንኳን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ከወንበር ሥር የሚጠርጉት።

ልማዱ ከጋራዥ ወጥቶ መንገድ ላይ ደረሰ። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ያ ጎማ ያለው ግራጫ ሳጥን፣ ከመኪናው ተለይቶ የተገኘ ዕቃ አንስቶ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ማንም አላዘዘም። የተነሳውን ነገር ያየ ሰው የሆነ ነገር ያወቀ ሰው ነው፣ ያወቀ ሰው ደግሞ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከነዚያ ትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ሰው በአንድ ጊዜ ወሬውን አቋርጦ ለአጥር ጀርባውን ሳይሆን ፊቱን ሲሰጥ እንግዳ ቢያይ የሚጸልዩ ይመስለዋል።

«ጨረስኩ» አለች ትርሲት። «ዞር በል። መኪናህን አክብራት፣ ዘመዶቿ ሁሉ አልቀዋል።»

ፔጆዋ ከሙክታር ቅድመ አያት ጀምሮ እዚያው ቤት ያለች ናት። ታክሲ ነበረች። አሁን ሙሽራ ነው የምትጭነው። ሌሎቹ መኪናዎች መሪ የላቸውም፤ ይመጣሉ፣ ያደርሳሉ፣ ይሄዳሉ። ሙሽሮች ግን የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያጨስ፣ አንድ ሰው ላብ በላብ ሆኖ የሚነዳው ነገር ይፈልጋሉ። ሌቦቹም ይፈልጋሉ።

የሙክታር አባት ሸሪፍ መንዳት ካቆሙ ቆይተዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ግን በየቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የቆመችው ፔጆ የኋላ ወንበር ላይ፣ እንደ ተሳፋሪ ተደላድለው፣ በሩን ከፍተው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ሙስበሃዋ የድሮ የዱዓ መቁጠሪያ ናት፣ ከመኪናዋ መስታወት ላይ ትንጠለጠል ነበር። አንድ ጊዜ ሸሪፍ ለፍየል ብለው ፍሬን ሲይዙ ክሯ ተበጥሶ ፍሬዎቹ ወንበር ሥር ተበተኑ። ከአንዷ በስተቀር ሁሉንም ለቀሙ። በጎደለችው ቦታ ክሩን ቋጠሩና ቋጠሮዋን እንደ ፍሬ መቁጠር ለመዱ።

ትርሲት በሄደች ማግስት ሙክታር ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ ሳለ የአባቱ ድምፅ ከኋላ ወንበር መጣ።

«አገኘኋት! አንተ ልጅ! አገኘኋት!»

«ማንን?»

«የጠፋችውን ፍሬ ነዋ! እዚህ የወንበሩ ስፌት ውስጥ ገብታ ቁጭ ብላለች። ስንት ዘመን ሙሉ እላይዋ ላይ እየተቀመጥኩ!»

«ይኸው፣ መኪናዋ ሌባ ናት ስልህ አታምነኝም።»

ሽማግሌው ፍሬዋን ወደ ብርሃን አነሷት፣ በአውራ ጣታቸው አሻሿት። «ትንሽ ከበድ አለችኝ።»

«ዕድሜ ነው አባ። አንተም ከብደሃል።»

«ሂድ ከዚህ!» ሳቁ። ክሩን ፈቱ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው አላሉት፣ ፍሬዋን አስገቡ። ሙክታር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ አያቸው። የአባቱ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ደስታ ካየ ቆይቷል። ሙስበሃዋ ሞላች።

በማግስቱ ሸሪፍ ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሰላት ወጡ። ሙስበሃዋ ኪሳቸው ውስጥ ነበረች።

አራት ሰዓት ላይ የሙክታር ስልክ ተናገረ። ድምፁ የሴት ነው፣ ለስላሳ፣ የማይቸኩል።

«ጤና ይስጥልን። ከመኪናዎ አንድ አካል ተለይቶ ሲንቀሳቀስ ተገኝቷል። አካሉ ከተሸካሚው ጋር በማቆያ ይገኛል። እባክዎ የጎደለውን አካል ይግለጹ።»

ሙክታር ወደ ጋራዡ ሮጠ። ፔጆዋ ቆማለች። በሮቿን ቆጠረ፣ ጎማዎቿን ነካ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ካርቡራተሩን አየ። መሪው አለ። ከወንበሩ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሰ። ሁሉም በቦታው ነው።

«ምንም አልጎደለም» አለ እፎይ ብሎ።

«ምንም አልጎደለም፤ ተመዝግቧል። አካሉ ባለቤት የሌለው ንብረት ሆኖ ይቆያል። እናመሰግናለን።»

የሌላ ሰው ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚያ ቁርሱን ሊበላ ተቀመጠና የአባቱ ሳህን እንደተከደነ አየ።

መስጊዱ በር ላይ ኢድሪስ የሚባል ሽቶ ሻጭ አለ፤ የሸሪፍ ወዳጅ ነው። የጥላ ሰዓት ስለደረሰ ጠርሙሶቹን እየሰበሰበ ነበር። ከአምስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥ ማንም ውጭ አይቆይም፤ ሙቀቱ ሰው ይጥላል። መሪ የሌላቸው መኪናዎች ጣሪያ ሥር ይገባሉ፣ መስኮቶች ይዘጋሉ፣ ማኅበሩም ሥራ ያቆማል። ሰብሳቢዎቹ ብቻ፣ ለስርቆት ሲሆን፣ የጥላ ሰዓት አያውቁም።

«ኢድሪስ፣ አባቴን አየኸው?»

ኢድሪስ ጠርሙሶቹን ማስተካከል ጀመረ።

«ኢድሪስ!»

«ስንወጣ አብረን ነበርን። ወላሂ አብረን ነበርን። ከዚያ ሰብሳቢው መጣ።»

«እና?»

«እና ዞርኩ። ሁላችንም ዞርን። ስንመለስ ... አባባ ሸሪፍ ወደ ቤት ሄዶ ይሆናል አልኩ።»

«ጎንህ ቆሞ የነበረ ሰው ጠፍቶ?»

«የመኪና አካል ነበር የሚለው አቦ! ማሽኑ የመኪና አካል ነው ሲል ሰማሁ። ሰው ነው አላለም።»

ማቆያው የድሮው ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። ሙክታር ፔጆዋን ነድቶ ሲደርስ መንገዱ ላይ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። የብረት ኮንቴይነሮች በዛጉት ሐዲዶች መካከል ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው ሰው የሚያናግር ትንሽ የድምፅ መስኮት አላቸው። ዘበኛ የለም። ወንበር የለም። አየሩ ከብረቱ በላይ ይርገበገባል።

«አባ!» ብሎ ጮኸ።

ከሦስተኛው ኮንቴይነር ውስጥ ብረት ተመታ።

«ሙክታር? አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ! ምን አደረጉህ?»

«ምንም። ሙስበሃዬን አምጣ አለኝ፣ እምቢ አልኩት። ከእጄ ሊያላቅቃት ሞከረ፣ አቃተው። ከነእሷ ጫነኝ።» ድምፃቸው ቀልድ ነበረበት፣ ግን ትንፋሻቸው ያጥር ነበር። «ውሃ ይዘሃል? እዚህ እንደ ምድጃ ነው።»

ያኔ ሙክታር ገባው። ስፌቱ ውስጥ የነበረችው ፍሬ። ከበድ ያለችው። ትርሲት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ይሄ መኪና ራሱ የሚጥለው ምንድን ነው ብላ ራሷን ስትጠይቅ፣ ወለሉ ላይ በዳበሳ ያገኘችው የጠፋችውን ፍሬ መሆን አለበት። እና በአምሳያዋ ሠራችው። ሥራዋ ጥሩ ነበር። ሙስበሃውን ሲቆጥር የኖረ ሰው እንኳን አልለየውም።

መስኮቱን ነካ።

«ጤና ይስጥልን። ባለቤት ነዎት?»

«ነኝ። ውስጥ ያለው አባቴ ነው። ክፈቺ።»

«ተሸካሚው ከአካሉ ጋር ይለቀቃል። እባክዎ የጎደለውን አካል ይግለጹ።»

«የሙስበሃ ፍሬ ነው።»

«ሙስበሃ የዚህ መኪና አካል አይደለም። እባክዎ የጎደለውን አካል ይግለጹ።»

አፉን ሊከፍት ሲል ቆመ። የመስኮቱ ድምፅ የሚጠብቀው ቃል አንድ ነው፤ ያን ቃል የተናገረ ባለቤት ግን ባለቤት አይደለም። ባለቤት ካልሆነ ደግሞ በሩ ለእሱ አይከፈትም። ሙክታር ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበው፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ትርሲት ዘንድ ደወለ። ብዙ ጠርቶ አነሳችው፤ ከእንቅልፍ ነው።

«ትርሲት፣ የደበቅሽው አባቴ እጅ ገብቷል። አባቴን ማቆያ ከተውታል። አንቺ ንገሪያቸው። የእኔ ሥራ ነው፣ እሱ አያውቅም በያቸው። ባለቤት እንደሆንኩ ይክፈቱልኝ።»

ከጀርባዋ ማራገቢያ ይሰማል።

«ትርሲት!»

«ደባቂ አንዱን ከተናገረ የደበቀው ሁሉ እንደታወቀ ነው የሚቆጠረው። እዚህ ከተማ ስንት መኪና አለኝ መሰለህ? ሁሉም ባለቤቶች ዛሬ መኪናቸውን ያጣሉ። እነሱ ደግሞ እኔን ... አላውቅም በልና ጠብቅ። አሥራ አንድ ሰዓት ሰው ይመጣል።»

«አባቴ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። አሥራ አንድ ሰዓት አይደርስም።»

«ሙክታር፣ ወንድሜ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ ይሄን ስልክ አላነሳሁም። እሺ? ተኝቼ ነበር።»

ተዘጋ።

ውስጥ ሸሪፍ መቁጠር ጀምረዋል። ድምፃቸው እየሳሳ ይመጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ሙክታር መዳፉን ኮንቴይነሩ ላይ ሲያሳርፍ ቆዳው ተቃጠለና አነሳው። ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

«ጠቋሚ ነው» አለ። «ወንበሩ ስፌት ውስጥ የተደበቀ ጠቋሚ። ክፈቺ።»

«ጠቋሚው የት እንደተደበቀ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን። ባለቤትነትዎ ከዚህ ቅጽበት ጀምሮ ተቋርጧል። የመኪናው ባለቤት የንብረት ዓይን ማኅበር ነው። በሩን ባለቤቱ ከጥላ ሰዓት በኋላ ይከፍታል።»

«ውስጥ ሰው አለ! ሰው!»

«ተሸካሚ ተብሎ ተመዝግቧል።»

«ማናፈሻ እንኳን ክፈቺለት!»

«ንብረት ማቆያ ማናፈሻ የለውም።»

ሙክታር ዙሪያውን አየ። ድንጋይ አነሳና ቁልፉን መታው፣ ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ። የሐዲድ ብረት ሊነቅል ታገለ፣ አልተነቀለም። ከሩቅ የተዘጉ መስኮቶች ይታያሉ፤ ከአንዱ ጀርባ መጋረጃ ተገለጠና መልሶ ተከደነ። ጮኸ። ማንም አልወጣም።

ከዚያ ፔጆዋን አየ። ጥላ በሌለበት ቆማለች፣ ሞተሯ ገና ጢክ ጢክ ይላል። ሌላ መኪና ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ሲቀየር በሩን ቆልፎበት ነበር። ፔጆዋ ግን ባለቤቷ መቀየሩን የምትሰማበት ጆሮ የላትም። ቁልፉን ሲያዞር እንደ ሁልጊዜው ሁለት ጊዜ አስሏት ተነሳች።

«አባ! ወደ ጥግ ሂድ! ወደ ውስጥ፣ ከበሩ ራቅ!»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ራቅ ብቻ!»

ወደ ኋላ ሄደ። ማርሹን አስገባ። ዕድሜውን ሙሉ ይህችን መኪና ከጭረት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሕፃናት በጥፍራቸው እንዳይነኳት፣ የሙሽራ አጃቢዎች ቀለበታቸውን እንዳያስነኩባት ሲለምን። ነዳጁን ረገጠ።

የመጀመሪያው ምት የፊት መከላከያውን አጠፈው። በሩ አልተነቃነቀም። ሁለተኛው ሲመታ መብራቶቹ ረገፉ፣ ኮፈኑ ተነስቶ የፊት መስታወቱን ሸፈነው። እንፋሎት ወጣ። ሦስተኛውን ሳያይ ነው የነዳው፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ከንፈሩ እየደማ። የኮንቴይነሩ በር ታችኛው ጥግ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ስንጥቅ ከፈተ። መዳፍ የሚያሳልፍ ስንጥቅ። ፔጆዋ አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈችና ጠፋች፣ አልተነሳችም።

ሙክታር መሬት ላይ ተኛ። ከስንጥቁ የሚወጣው አየር ፊቱን ለበለበው። የውሃ ጠርሙሱን አስገባ።

«አባ። እዚህ ና። አፍህን እዚህ አድርግ።»

ልብስ በብረት ላይ ሲጎተት ተሰማ፣ ከዚያ ጉሮሮ ውሃ ሲውጥ።

«ፔጆዋን ነው የሰበርካት?» አሉ ሸሪፍ።

«አዎ።»

«አንተ ልጅ ...» ሳሉ። «እኔ ለፍየል እንኳን ፍሬን የያዝኩላት መኪና።»

«ዝም ብለህ ተንፍስ።»

ሽማግሌው አፋቸውን ስንጥቁ ላይ አድርገው ተነፈሱ። ሙክታርም ከውጭ በኩል ተኝቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ እያራገበ፣ ትንፋሻቸውን ያዳምጥ ነበር። እየተስተካከለ መጣ። ሰብሳቢው ከኋላው ሲመጣ ሰምቷል፣ ግን ማራገቡን አላቋረጠም።

«የተሰረቀ መኪና ተገኝቷል» አለ ማሽኑ። «ሌባው ተገኝቷል።»

ክንዱ ወገቡን ያዘው። ሙክታር የኮንቴይነሩን ጠርዝ ሙጭጭ አለ፣ ብረቱ መዳፉን ቀደደው። ሸሪፍ ከውስጥ ጣቶቹን ያዙ። ማሽኑ አልጎተተም፤ ጠበቀ፣ ጣቶቹ እስኪደክሙ። ከዚያ አነሳው፣ ከሐዲዱ ማዶ ወዳለው ኮንቴይነር ወሰደው። እዚያ ውስጥ ወንበር ነበር፣ ውሃ ነበር፣ ማናፈሻ ከጣሪያው ቀዝቃዛ አየር ይለቃል። ሌባ ሰው ተብሎ የሚመዘገብ በመሆኑ ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶለታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከተማዋ መስኮቷን ከፈተች። ከማኅበሩ የመጣ አንድ ወጣት፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ የታጠፈውን በር በማሽን አስነስቶ ከፈተ። ሸሪፍን ደግፎ አወጣቸው፣ ሙስበሃዋን ከእጃቸው ተቀበለ፣ አንዷን ፍሬ በመቀስ አወጣ። የቀሩትን መዳፋቸው ላይ አፈሰሰላቸው። ሸሪፍ ፍሬዎቹን አላዩአቸውም።

«ልጄስ?»

«የትኛው ልጅዎ?»

«መኪናውን የነዳው።»

ወጣቱ መሣሪያውን አየ። «እሱ በስርቆትና በማጥፋት ተይዟል አባት። ባለቤቱ ንብረቱ እንደነበረ ሲመለስለት ይለቀቃል።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«ማኅበሩ ነው።»

«አንተስ ማነህ?»

«እኔ የማኅበሩ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤት አይደለሁም።» ወጣቱ በእውነት ያዘነ ይመስል ነበር። «መኪናው ሙሉ ይሁን እንጂ፣ ወዲያው ነው የሚከፈተው። ደንቡ ግልጽ ነው።»

«ይቺ መኪና እኮ መለዋወጫ የላትም። በዓለም ላይ የላትም።»

«እሱን እኔ አላውቅም አባት» አለና ፊቱን ወደ ኮንቴይነሩ አዞረ።

ወጣቱ ከሄደ በኋላ ሸሪፍ ሐዲዱን ተሻግረው የልጃቸውን ኮንቴይነር በመዳፋቸው መቱ።

«ሙክታር። ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል አባ። ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እዚህ ቀዝቃዛ ነው። ምግብም ሰጥተውኛል። ወደ ቤት ሂድ፣ ተኛ።»

ሽማግሌው ወደ ፔጆዋ ተመለሱና ከፊቷ ተንበረከኩ። ዓይናቸው ስለማይለይላቸው መሬቱን በጣታቸው ይዳስሱ ጀመር። የመብራት ስባሪ መስታወት አገኙ፣ ከአፈሩ አራገፉት፣ ተነስተው ወደ ድምፅ መስኮቱ ወሰዱት።

«የጎደለው አካል ይኸው» አሉ።

«አካል ተመልሷል፤ ተመዝግቧል» አለ ለስላሳው ድምፅ። «መኪናው ገና ሙሉ አይደለም።»

ተመልሰው ተንበረከኩ። ከመንገዱ ማዶ ለመጀመሪያው ነፋስ የወጡ ሰዎች ያልፉ ነበር፤ ማቆያው ጋ ሲደርሱ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ አጥሩ እያዞሩ።